ጓሮ፣ ነፍሳትና የጎረቤት ሐቅ



የጓሮ አትክልት ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ዘር፣ ወደ ፍግና ወደ ውሃ ነው። በርግጥም ያለ እነዚህ ጓሮ የለም። ነገር ግን አንዲት መደብ ጎመን የተከለ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ቀልብን የሚያስጨንቁት ሳይጠሩ የሚመጡት እንግዶች ናቸው፤ ክሽክሹ፣ ትሉ፣ ጉንዳኑ። ስለ እነርሱ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «መድኃኒት ይረጭበት!» የሚል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ በቤታችን ውስጥ «እንርጭ ወይስ አንርጭ?» በሚል የተነሳውን ክርክርና ከዚያ ያገኘነውን ትምህርት ነው። ጉዳዩ የጎመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጆቻችን ጤናና የጎረቤት ሐቅም አለበት።

እኛ የምንኖረው ደሴ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ስለሆነች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ይስማሟታል። ከማድ ቤታችን ጀርባ ርዝመቱ ስምንት፣ ወርዱ አምስት እርምጃ የሚሆን ቦታ አለን። ዳር ዳሩን ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል ይዘውታል። መሐሉ ላይ 18 እግር ጎመን፣ ሁለት መደብ ባቄላና ትንሽ ቆስጣ አለ። በበጋ ውሃ ሲቸግር ቤተሰቡ ዉዱእ የሚያደርግበትን ውሃ በሳፋ እያጠራቀምን እናጠጣዋለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና ሦስት ልጆች ስድስት ነፍስ ነን፤ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ወጣችን የሚወጣው ከዚያችው መሬት ነው። ለእኛ ጓሮው ጌጥ ሳይሆን የቤት ወጪ መደጎሚያ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ዝናቡ ጨርሶ ካቆመ በኋላ ነው። የጎመኑ ለጋ ቅጠሎች ወደ ውስጥ ይጠቀለሉ ጀመር። ገልጠን ስናያቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ግራጫ ነፍሳት ተደራርበው ተቀምጠዋል። ይህ የጎመን ክሽክሽ የሚባለው ነው። የባቄላው አናት ደግሞ በጥቁር ክሽክሽ ተሸፍኖ ጉንዳን ይወጣበታል፣ ይወርድበታል።

ለመሆኑ ክሽክሽ እንዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጓሮ የሚሞላው ከየት መጥቶ ነው? ነገሩ የሚያስገርም ነው። አንዲት ክንፍ ያላት ክሽክሽ በነፋስ ተነድታ ቅጠል ላይ ካረፈች በቂ ናት። ወንድ ሳትፈልግ፣ እንቁላልም ሳትጥል፣ እንደ ራሷ ያሉ ሴት ልጆችን በቀጥታ ትወልዳለች። አየሩ ሞቅ ካለ እነዚያም ልጆች ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወላጆች ይሆናሉ። አፏ እንደ መርፌ ስለሆነ ቅጠሉን አትቆርጠውም፤ ወዙን ትመጠዋለች። የተረፋትን ጣፋጭ ፈሳሽ ታንጠባጥበዋለች፤ ጉንዳኑ የሚመላለሰውም ያንን ሊልስ ነው። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ብዙዎቹን አጥቦ ስለሚጥላቸው ብዙም አንመለከታቸውም። በበጋ ግን የሚያጥባቸው የለም።

የቤተሰብ ሹራ

በዚያው ሰሞን አንድ ደግ ጎረቤታችን የጎመኑን ሁኔታ አይቶ አንድ ጠርሙስ ይዞልን መጣ። ጠርሙሱ የለስላሳ መጠጥ ነው፤ ውስጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለ። ወረቀትም ሆነ ስም የለበትም። «እህቴ፣ ከገበያ የቀነስኩት ነው። በባልዲ ውሃ አንድ ቆርኪ ጨምረሽ እርጪው። እስከ ጁሙዓ አንድም አይተርፍም» አለኝ። አላህ ኸይር ይመንዳው፤ ያመጣው ለእኛ አስቦ ነውና። ጠርሙሱን ተቀብዬ ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩትና ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ነገሩን አነሳሁት።

ባለቤቴ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ገና ብዙ ጊዜ እንዳለ፣ ከጠበቅንም ጎመኑ እንደሚያልቅ ተናገረ። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ትልቁ ልጄ «እኔ ዛሬውኑ እረጨዋለሁ» አለ። አማቴ ደግሞ መልስ የሚያሳጣ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ከገበያ የምትገዢውስ ተረጭቶ አይደል የሚመጣው? ያንን እየበላን ይህንን ለምን እንፈራለን?»

እውነት ለመናገር የአማቴ ነገር ከባድ ነበር። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስሙን የማላውቀውን ነገር ልጆቼ የሚበሉት ላይ ከማፍሰሴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ።» በዚህ ተስማማን።

በማግስቱ በሰፈራችን የሚኖር አንድ የግብርና ባለሙያ ጠየቅሁ። እርሱም መልሶ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። የመድኃኒቱ ስም ማን ይባላል? የተሠራው ለየትኛው ተክልና ለየትኛው ተባይ ነው? ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ ነው የሚበላው? ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ጠርሙሱም አይናገር።

ባለሙያው እንዳስረዳኝ፣ እያንዳንዱ የፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም የሚቆይበት የቀን ቁጥር አለው። ቁጥሩ በማሸጊያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ለአንዱ ጥቂት ቀን፣ ለሌላው ሳምንታት ሊሆን ይችላል። አሁን ልብ በሉ፤ የሐበሻ ጎመን እንደ ስንዴ አንድ ጊዜ ታጭዶ የሚያበቃ አይደለም። ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ እየተቀነጠሰ በየሁለት ቀኑ ድስት ይገባል። ታዲያ የምንጠብቀው መቼ ነው? ቀኑን ብናውቅ እንኳ ለመጠበቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጓሮውን መዝጋት ሊኖርብን ነው፤ ሳናውቅ ስንቀር ደግሞ ከነመርዙ መብላታችን ነው። ለአማቴ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው። ከገበያ የምንገዛው ላይ ሥልጣን የለንም፤ አጥበን፣ አላህን ተማምነን እንበላለን። የጓሯችን ግን በእጃችን ነው፤ ስለ እርሱም እንጠየቃለን።

ባለሙያው አንድ ነገር ጨመረልኝ። በየገበያው «ማላታይን» እየተባለ የሚታወቀውና ብዙ መሰሎቹ ተባይን የሚገድሉት የነርቭን ሥራ በማወክ ነው። የሰው ነርቭ የሚሠራውም በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ ልዩነቱ የመጠን ጉዳይ ነው። ትልቅ ሰው የማይሰማው መጠን የአራት ዓመት ልጅን ሊጎዳ ይችላል። የእኔ ትንሿ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፤ ጓሮ ገብታ ድንብላል ቀጥፋ ሳታጥብ መብላት ልማዷ ነው።

ንብ አጥር አያውቅም

ይህም ብቻ አይደለም። ከእኛ ሦስተኛ ቤት የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሐጂ ሁለት ቀፎ ንብ አላቸው። በረመዳን ማር ሲቆርጡ ለጎረቤት ሁሉ በስኒ ያድላሉ። ስለ ክሽክሹ ሲሰሙ በአጥር በኩል ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ልትረጪ ነው አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ገና እንዳልወሰንን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከሁለት ዓመት በፊት ያገኛቸውን አጫወቱኝ። በአንድ ጠዋት ከቀፎው ደጃፍ ንቡ እንደ ቆሎ ረግፎ አገኙት። አንድ ቦታ አበባ ላይ መርዝ ተረጭቶ ነበር። ማን እንደረጨ አልታወቀም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። «ቢታወቅስ ምን እላለሁ? የረጨው ሰው ለባቄላው ነው የረጨው፤ ንቤን አላሰባትም። ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ባቄላውን አየሁት፤ አብቧል። ንብ ለቀሰም ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደምትጓዝ የታወቀ ነው፤ የእኛ ባቄላ ደግሞ ከቀፎው ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ከዚያ ጠርሙስ አንድ ቆርኪ በእኔ ጓሮ ቢፈስ የሚያንኳኳው የሐጂን ደጃፍ ነው። ስለ ጎረቤት ሐቅ ስንማር ያደግነው ስለ ቆሻሻ መድፋት፣ ስለ ጩኸት፣ ምግብ ስለ ማካፈል ነበር። በእኔ እምነት የዘመናችን የጎረቤት ሐቅ የምንረጨውንም ይጨምራል።

በቅዱስ ቁርኣናችን ሦስት ምዕራፎች በእነዚህ ትናንሽ ፍጡራን ስም መጠራታቸውን እናስታውስ፤ 16ኛው በንብ፣ 27ኛው በጉንዳን፣ 29ኛው በሸረሪት። በጉንዳኗ ምዕራፍ ውስጥ ያለውን ታሪክ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ጉንዳኗ የፈራችው ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ከነሠራዊታቸው ሲያልፉ ሳያውቁ እንዳይረግጧቸው ነበር። ሳያውቁ! አብዛኛው ጥፋት እኮ የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው።

ያለ ጠርሙስ የሠራነው ሥራ

እንግዲህ አለመርጨት ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ባለሙያው የነገረንን ለሁሉም አከፋፈልነው።

መጀመሪያ፣ ክሽክሹ ጭራሽ ያጎበጣቸውን ቅጠሎች ቀንጥሰን ሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከርናቸው። አናታቸው የሞተ አራት እግር ጎመን ነቀልን። ቀጥሎ የቀሩትን ቅጠሎች ገልብጠን ከሥራቸው ውሃ በኃይል ለቀቅንባቸው። ከቅጠል የወደቀ ክሽክሽ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። በየጠዋቱ ለጋ ቅጠሎቹን ማየትና የተገኘውን በጣት መጨፍለቅ የልጆቹ ድርሻ ሆነ።

በውሃ እምቢ ያለውን በሳሙና ውሃ ረጨነው። ልኩ ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅጠል ያቃጥላል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ ለዚህ አይሆንም። በመጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ ቀን ጠብቁ። ሳሙና የሚገድለው ሲነካው ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ጀርባ መራስ አለበት፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ጉዳቱም ጥቅሙም ይኸው ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ወይም ከዐስር በኋላ ይረጫል፤ በየአራትና አምስት ቀኑ ይደገማል። ጎመኑ ታጥቦ በዚያው ቀን ሊበላ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ ማየት! ጓሮ ውስጥ የሚርመሰመስ ሁሉ ጠላት አይደለም። ትልቁ ልጄ አንድ ቀን «እማ፣ አዲስ ተባይ መጥቷል!» ብሎ ጠራኝ። ጥቁር ግራጫ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፣ እግሩ ስድስት፣ የአዞ ጥጃ የመሰለ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነገር ነው። ልጨፍልቀው ሲል ትንሿ አለቀሰች። አንስታ ከነቅጠሉ ብርጭቆ ውስጥ አስገብታ በስስ ጨርቅ ሸፈነችው። በየቀኑ ክሽክሽ ያለበት ቅጠል ትሰጠዋለች፤ እርሱም ይጠርገዋል። ከቀናት በኋላ ራሱን ቅጠሉ ላይ አጣብቆ ደረቀ፤ የሞተ መስሎን ነበር። ሌላ ሳምንት ያህል ቆይቶ ከዚያ ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ጀርባዋ ቀይ፣ በጥቁር ነጥብ ያጌጠች፣ ልጆች ሁሉ የሚወዷት ክብ ጥንዚዛ ወጣች። ሱብሓነላህ! እናቲቱን መዳፋችን ላይ አስቀምጠን እየሳቅን ልጇን «ትል» ብለን የምንገድል ስንቶቻችን ነን? ይህች ፍጡር አድጋ እስክትወጣ ድረስ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ቢጫ ሆነው በቅጠል ጀርባ ተሰብስበው የቆሙ ጥቃቅን እንቁላሎች ካገኛችሁ የእርሷ ሊሆኑ ይችላሉና አትንኩ።

ሌላም ረዳት አለን። ከክሽክሾቹ መሐል አንዳንዱ ተነፍቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ደረቀ ገለባ ይታያል። አንዲት ከጉንዳን የምታንስ ተርብ መሰል ነፍሳት እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ አስቀምጣለች ማለት ነው። ልጇ ውስጡን በልታ ክብ ቀዳዳ አበጅታ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ቅጠል ስታገኙ አትጣሉት።

አሁን የጠርሙሱን ነገር መልሰን እናስበው። ብንረጨው ክሽክሹ ይሞት ነበር፤ ጥንዚዛዋም፣ ተርቧም አብረው ይሞቱ ነበር። በነፋስ ከጎረቤት ጓሮ የምትመጣ አንዲት ክሽክሽ በአሥር ቀን ውስጥ ዘሯን ታበዛለች። ጥንዚዛ ግን ከእንቁላል እስክታድግ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጅባታል። ስለዚህ ቀድሞ የሚመለሰው ጠላት ነው፤ የሚያገኘውም ጠባቂ የሌለበት ጓሮ ነው። «ከረጨሁ በኋላ ባሰብኝ» የሚሉ ሰዎችን ምሥጢር የተረዳሁት ያኔ ነው።

ተባይም መድኃኒቱን ይለምዳል። ጥቅል ጎመን የምትተክሉ ሰዎች፣ ሲነኩት እየተወራጨ በሐር ክር ተንጠልጥሎ የሚወርድ ትንሽ አረንጓዴ ትል ታውቁ ይሆናል። ይህ ትል በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሙ የተመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ከዚያ ወዲህም በልዩ ልዩ አገር ብዙ ዓይነት መድኃኒት ለምዷል። እርሱን በየሁለት ቀኑ ቅጠል ገልብጦ በእጅ መልቀም ለጓሮ በቂ ነው፤ ለማሳ ግን ይከብዳል።

የልጄ ጥያቄ

አንድ ምሽት አማቴ ለልጆቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አጫወቷቸው፤ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚጻፍለት። ትልቁ ልጄ ወዲያው፣ «እማማ፣ እንዲህ ከሆነ ክሽክሹን ለምን እንገድላለን? እርሱም እየበላ አይደል?» አላቸው።

አማቴ ሳቁና፣ «የኔ አባት፣ ሰደቃ የሚሰጥ ሰው ከቤቱ ያወጣል እንጂ ቤቱን አያፈርስም። ወፏ ለቅማ ትሄዳለች። ይኸ ግን ሥሩን ሊያደርቀው ነው። ጎመኑ ከደረቀ ነገ ለማን ትሰድቃለህ?» አሉት። ባለቤቴም ጎጂን መከላከል የተፈቀደ እንደሆነ፣ ነገር ግን ወሰን እንዳለው አስረዳው። ወሰኑም ለልጄ ቶሎ ተገለጠለት። ምክንያቱም በባቄላው ሥር ያለውን የጉንዳን ጎጆ በናፍጣ ሊያቃጥል አስቦ ነበር። አንድ ቀደምት ነቢይ ጉንዳን ነክሳቸው መላውን ጎጆ በማቃጠላቸው ከአላህ እንደተወቀሱ የሚያወሳውን ሐዲስ አያቱ ሲነግሩት ናፍጣውን መለሰ።

ደግሞም ጉንዳኑ ባቄላውን አይበላም። የሚመጣው ለክሽክሹ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ለዚያም ሲል ከጥንዚዛ ይጠብቀዋል። የባቄላውን አናት ቀንጥሰን ክሽክሹን ስናነሳ ጉንዳኑ በሁለት ቀን ውስጥ መንገዱን ቀየረ። የባቄላ አናት ከታች ያለው ፍሬ መያዝ ከጀመረ በኋላ ቢቀነጠስ ምርቱን አይጎዳውም፤ ክሽክሹም የሚወደው ያንኑ ለጋ አናት ነው።

ለጀማሪ ጓሮ ያዦች

ችግኝ ተክላችሁ ጠዋት ስትነሱ ከመሬት እኩል ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ ሌባው ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ሌሊት ይወጣል። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብትጭሩ ታገኙታላችሁ። ለቀሩት ችግኞች ከካርቶን ወይም ግራና ቀኙ ከተከፈተ ጣሳ አንገት ሠርታችሁ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩላቸው።

ኮምቦልቻ የምትኖር እህቴ ደግሞ ችግሯ ቲማቲም ነው። ቆላ ቀመስ ለሆኑ አካባቢዎች የመጣው አዲስ ጠላት የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መሐል እየሰረሰረ ነጭ ምንጣፍ የመሰለ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ፍሬውንም ይበሳል። የተያዘውን ቅጠልና ፍሬ በየጊዜው ለቅማችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት እንጂ ሜዳ ላይ አትጣሉት። ድንችንም ስለሚበላ ቲማቲም ከድንች ጎን ወይም በድንች እግር አትትከሉ።

ለረዳቶቻችንም ቀለብ እናስብ። ጥንዚዛና ጥቃቅን ተርቦች ካደጉ በኋላ የአበባ ወለላና ብናኝ ይፈልጋሉ። ድንብላል፣ እንስላልና በሶብላ እስኪያብቡ ጥቂት እግር ተዉላቸው። ከጎመኑም አንድ ሁለቱ አብቦ ዘር ይያዝ፤ ለእናንተ ዘር፣ ለንብ ቀሰም ይሆናል።

«ከዕፅ የተሠራ ከሆነስ?» የሚል አይጠፋም። በድሬዳዋና በመሰል ቆላማ ቦታዎች ያላችሁ የኒም ዛፍ አላችሁ፤ ከፍሬው የሚወጣው ውሁድ የብዙ ተባዮችን መብላትና ማደግ ያውካል። ነገር ግን ከተክል የመጣ ሁሉ የዋህ አይደለም። እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር በር ከፍቷል። ያው እንዶድ ግን ዓሣንም ይገድላል፤ ስለዚህ እጣቢውን ወራጅ ውሃ ላይ ማፍሰስ ተገቢ አይደለም። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ መርጨትም በቆዳ በኩል እንኳ ሰውን የሚመርዝ አደገኛ ነገር ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ጨርሶ አይሞከር።

በርግጥ መድኃኒት ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የወሎን ማሳ የወረረውን የአንበጣ መንጋ በሳሙና ውሃ የሚመልስ የለም። ለማሳው መርጨት ግድ የሚሆንበት ገበሬም አለ። ግድ ከሆነ ግን በራሱ ማሸጊያ ያለውን፣ ስሙና የመጠበቂያ ቀኑ የተጻፈበትን ግዙ፤ ባለሙያ ጠይቁ፤ አፍና እጃችሁን ሸፍኑ፤ ነፋስ ሳይኖርና አበባ ሳይከፈት እርጩ፤ ንብ ላለው ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። የመርዝ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለውሃ፣ ለወተት፣ ለዘይት አይሆንም። ከሁሉ በላይ መርዝ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ! ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይደለም።

ያ ጠርሙስ ምን ሆነ የምትሉ እንደሆነ፣ ለባለሙያው ሰጠሁት። ለጎረቤታችንም ምክንያቴን በአክብሮት ነገርኩት። መጀመሪያ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ፤ ኋላ ግን እርሱም ትናንሽ ልጆች አሉትና የራሱን ድርሻ ከአልጋ ሥር አውጥቶ አብሮ አስረከበ። ከ18 እግር ጎመን አራቱን ነቅለን ነበር። ሁለት ተጨማሪ ደረቁብን። አሥራ ሁለቱ ግን ጥር ላይ ለጋ ቅጠል አወጡ። በመሐሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ጎመን ከገበያ ገዝተናል፤ ይህም ወጪ ነው፤ አልደብቅም። ሐጂ ደግሞ በዚያ ዓመት ረመዳን ሲገባ እንደ ልማዳቸው ማር በስኒ አደሉ።

እናንተ ወጣቶች! ጓሮ የሌላችሁ በአሮጌ ባልዲና በጆንያ አፈር ሞልታችሁ አምስት እግር ጎመን ትከሉ። ስትተክሉም እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ዐይናችሁን አንሱ፤ ይህ ፍጡር ማን ነው፣ ምን ይበላል፣ እርሱንስ ማን ይበላዋል ብላችሁ ጠይቁ። እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ወደ ጓሮ ስትልኩ ብርጭቆም አብራችሁ ስጧቸው፤ አይተው ይማሩ።

አላህ ከምንተክለው የምንበላና የምናበላ፣ እጃችንም ጎረቤትን ከመጉዳት የተጠበቀ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።